መብረቅ የመታው የአባባ እጅ

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እስራኤል አገር፣ አሚሻቭ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እማዬ፣ እኔና የእማዬ አባት አንድ ላይ እንኖር ነበር። አያቴን አባባ ነበር የምላቸው። እማዬ ከፋብሪካ የምትመለሰው አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ እሷ እስክትመጣ አባባ በረንዳው ላይ ማንጋሉን፣ የከሰል መጥበሻውን፣ አቀጣጥለው በቆሎ ይጠብሱልኛል። ጭሱ የላይኛዋ ጎረቤት ያሰጣችው ልብስ ውስጥ ይገባና ሴትዮዋ መስኮቷን በኃይል ትዘጋዋለች፤ አባባም በአማርኛ «ደህና አመሹ» ይሏታል። ያኔ ፍሙ ቀልቶ ሲረጋ ተረቱ ይጀመራል።

የጅቡን፣ የጦጣዋን፣ ሰው ሆኖ ገበያ የወጣውን ዘንዶ ካወሩልኝ በኋላ መጨረሻ ላይ የመብረቁን ያመጡታል። ጎንደር ገጠር ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ። አንድ ክረምት ማረሻ ተሸክመው ሲሄዱ መብረቅ በግራ እጃቸው ገብቶ በእግራቸው ወጣ።

«‹አንተ ብረት ቀጥቃጭ፣ እሳቴን ማን ፈቀደልህ?› አለኝ መብረቁ» ይላሉ። «ሰዉ እሳቱ ገና በሆዴ ያለ መስሎት ማን ይንካኝ? በእንጨት እየገፉ ጉድጓድ ከተቱኝና መሬቱ ይሳብለት ብለው እስከ አንገቴ አፈር አለበሱኝ። እንደ ድንች።»

ከዚያ በግራ እጃቸው ፍም አንስተው ያሳዩኝና ይመልሱታል። «ከዚያ ወዲህ እሳት ይፈራኛል» ይላሉ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ያው ክንዳቸው እንደ መርፌ እየወጋቸው በጨርቅ ጠቅልለውት ይቀመጡ ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ያንን ከተረቱ ጋር አላገናኘሁትም።

አንድ ቀን የማንጋሉን ብረት በዚያ እጃቸው ደገፍ ብለው ሲያወሩ አንድ ሽታ መጣ።

«በቆሎውን ገልብጪው፣ እያረረ ነው» አሉኝ።

በቆሎው ግን አላረረም። እጃቸውን ሲያነሱት መዳፋቸው ብረቱ ላይ ተላጠ።

በማግስቱ እማዬ ሥራ መቅረት ስላልቻለች ክሊኒክ ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ያኔ በእኛ ቤቶች አስተርጓሚዎቹ እኛ ልጆቹ ነበርን፤ ከትምህርት ቤት ወጥተን ከነቦርሳችን ለሽማግሌዎች እናስተረጉማለን። ዶክተሯ በዕብራይስጥ ያማቸው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ምንም አያመኝም በያት» አሉ አባባ። «የመብረቁንም ንገሪያት።»

አፈርኩ። እንደ ድንች የተቀበረ ሰው በዕብራይስጥ እንዴት ይባላል? ትስቅብናለች አልኩ በልቤ። ደግሞ ለእኔ ተረት ነው፤ የጅቡንም ተረት ለዶክተር አልነግራትም። «አያማቸውም» ብቻ አልኳት። ካላመመ ቀላል ነው ብላ ቅባት ሰጠችን።

ደረጃው ላይ «የመብረቁን ነገርሻት?» አሉኝ።

«በሰደር፣ እሺ አባባ፣ ነግሬያታለሁ።»

ስለማያማቸው በዚያው እጅ ዕቃ ያጥባሉ፣ የገበያ ጋሪ ይጎትታሉ። በሳምንቱ ትንሿ ጣታቸው ጠቆረች፤ እማዬ ሆስፒታል ወሰደቻቸው፣ እኔም ተከተልኩ። ሐኪሙ በመርፌ ከመዳፋቸው እስከ ክንዳቸው ሲወጋጋቸው እሳቸው በመስኮት መኪና ያያሉ። ምን እንደደረሰባቸው ሲጠይቅ እማዬ «መብረቅ መቷቸው ነበር» አለች፤ ጉንፋን ይዟቸው ነበር እንደማለት ያህል። እውነት መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሐኪሙም መብረቁ የእጃቸውን ነርቭ እንደጎዳው፣ እጁ ጤነኛ ቢመስልም መቃጠሉንም መቁሰሉንም እንደማይነግራቸው፣ ሲወጋቸው የኖረውም ያው የተጎዳው ነርቭ መሆኑን አስረዳን። መጀመሪያውኑ ተነግሮ ቢሆን ቁስሉን በየቀኑ የሚያይ ሰው እንመድብ ነበር አለ። ትንሿ ጣታቸውም ተቆረጠች።

ሐኪሙ ይህን ሲል እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ለዶክተሯ አልነገርሻትም?»

አባባ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ እንዳትናገር ያልኳት። ይስቁብኛል ብዬ።»

እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።

ከዚያ በኋላም ተረት ያወሩልኝ ነበር፣ የመብረቁን ግን ደግመው አላነሱትም፤ እኔም አውሩልኝ አላልኩም። አሁን እሳቸው የሉም። እኔ ኤን ጋኒም የሚባል ሰፈር እኖራለሁ፣ የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ትንሽ ሲያስለው እንቅልፍ አይወስደኝም። ክሊኒክ ስገባ የበላውን፣ የወደቀበትን፣ አያቱ ያለችውን ሁሉ እዘረዝራለሁ። ባለቤቴ «ማን ጠየቀሽ?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ከተረቶቹ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ዘንዶው ከገበያ ምን ገዝቶ እንደተመለሰ እንኳ አላስታውስም። የቀረኝ አባባ ውሸቴን በራሳቸው ላይ ማድረጋቸው ነው። ለእማዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ማንበብ ስለማትችል ይህንን ጽሑፍም ቁጭ ብዬ የማነብላት እኔው ነኝ።