በአማርኛ የመለስኩላት

ለንስሐ አባቴ ስንቱን ተናግሬያለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ ዘልዬዋለሁ።

ጎረቤቴ አልማዝ የወለደች ልጇን ልታርስ ጅማ ሄዳ ሳለ ኮሮና ገባና መኪና ቆመ። ቦንጋ የቀሩትን እናቷን አደራ ብላኝ ነበር። እማማ ታመሙ፤ በአምስተኛው ቀን ሞቱ። ጥቂት ሆነን፣ ተራርቀን ቆመን ቀበርናቸው።

ከቀብር እንደተመለስኩ አልማዝ ደወለች። «እማማ እንዴት ናቸው?»

እኔና እሷ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናወራው በከፋ ቋንቋችን፣ በካፊኖኖ ነው። በካፊኖኖ ብመልስላት ወይ ሞቱ ማለት ወይ መዋሸት ነበረብኝ። እኔ እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ እሷ አማርኛን የለቀመችው ከገበያ ነው። ይህን አውቃለሁ። አውቄ በአማርኛ «አርፈዋል» አልኳት።

«ተመስገን! እንቅልፍ ካገኙማ ይሻላቸዋል» አለችና ሳቀች። «ምነው በአማርኛ? ከንቲባ ሆንሽ እንዴ? በይ፣ ሲነቁ ደህና ናት በይልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አራሷን ጥላ በእግሯ ትነሳለች ብዬ ነው? እንደዚያ እል ነበር። የፈራሁት ግን አንድ ነገር ነው፦ አደራዬን ምን አደረግሽው እንዳትለኝ።

ዳግም ሳንነጋገር መንገድ ተከፈተ፤ ለእናቷ ሹራብ ይዛ መጣች። ሽማግሌዎች አረዷት። ለቅሶ ላይ ሰዎች እኔን ሊወቅሱ ሲጀምሩ እሷ ተከላከለችልኝ። «እሷስ ነግራኝ ነበር፤ ጉድ የሠራኝ አማርኛዬ ነው። እሺ ያለችኝም መስሎኝ ነበር፤ መስመሩ ተቆራርጦ ይሆናል» አለች።

መስመሩ አልተቆራረጠም። እሺ ብያለሁ። ይህን ማለት ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ።

እኔ ማን ነኝ? በዕድር ስብሰባ የአንዲት ሴት የመናገር ተራ ሲዘለል ጠረጴዛ የምደበድብ ነኝ። አንድ የቀበሌ ጸሐፊ በአልማዝ አማርኛ ሲያላግጥ ቢሮው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ያስጠየቅሁ ነኝ። እሱ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የሳቀባት። እኔ እናቷን የምታለቅስበትን ቀን ወሰድኩ፤ ጥፋቱንም ለእሷ ተውኩላት።

ዛሬም ሰው በአማርኛ ሲያናግራት «ቀስ በል፣ እኔ ቃል ይምታታብኛል» ትላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። የምጠይቀው እሷን ነው፤ በካፊኖኖ።