የግማሽ ሰዓት በረራ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ እናቴ ባረፈችበት ሳምንት ነው። ሐዘኑ ቀስ በቀስ እየቀለለኝ መጥቷል። ወንድሜ የሠራኝ ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

እኔ ቴፒ ውስጥ ኮረሪማና እርድ እነግዳለሁ። እናቴ ጋምቤላ ከታላቅ ወንድሜ ከታደለ ጋር ነበር የምትኖረው። አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስል ታደለ ደወለ።

«እማዬ ደክማለች። ስምሽን እየጠራች ነው፤ ዛሬውኑ ድረሺ» አለኝ።

«አሁኑኑ እነሳለሁ። ግን ወንድም ጋሼ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ቢፈጥን ነገ ነው የምደርሰው።»

«የምን ነገ! ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ። ከቴፒ ጋምቤላ በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ነው።»

ስልኩ ያሳየው ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ያለውን የአየር ርቀት ነው። ከቴፒ ወደ ጋምቤላ የሚበር አውሮፕላን የለም። ልብረር ብል መጀመሪያ አዲስ አበባ መድረስ አለብኝ፤ እሱ ደግሞ ከመኪናው ይብሳል። ይህንኑ ነገርኩት።

«ስልኩ ይዋሻል? ሱቄን አልዘጋም በይ!» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ነጠላዬን አንጠልጥዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ወደ ማሻ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘሁ። ጌጫን እንዳለፍን እንጨት የጫነ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገዱን ዘግቶታል። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ። እኔም ገፋሁ። ማሻ መኪና ቀይሬ ጎሬ ስደርስ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ስላልነበረ እዚያው አደርኩ። ለታደለ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጋምቤላ ገባሁ። በራችን ላይ የተተከለውን የለቅሶ ድንኳን ከሩቅ አየሁት። እናቴ ማታውን አርፋ ጠዋት ተቀብራለች። በዚያ ሙቀት አስከሬን አይቆይም፤ በዚህ አልቀየምም።

እየጮህኩ ስገባ ታደለ ከመቀመጫው አልተነሳም። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ግማሽ ሰዓት ለሚፈጅ መንገድ ሁለት ቀን! አሁን ለማን ነው የምታለቅሺው?» አለኝ። አንዲት ሴት ቦታ ልትለቅልኝ ብድግ ብላ ነበር፤ መልሳ ተቀመጠች። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበር። በምን መጣሽ ያለኝ ሰው የለም።

በሠልስቱ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ለብቻዬ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። እናቴ ስታርፍ አጠገቧ ነበሩ።

«በሩን በሩን ታይ ነበር» አሉኝ። «ታደለ ስልኩን አሳያትና፣ ‹እማዬ፣ ግማሽ ሰዓት እኮ ነው፤ ብትፈልግ ኖሮ እስካሁን በመጣች› አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ‹እንግዲያው አትጥሯት› አለች። ከዚያ በኋላ ስምሽን አላነሳችም።»

ታደለን ጠየቅኩት። አልካደም። «ስልኩ ያለውን ነው የነገርኳት» አለኝና ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ዘመዶች ሽማግሌ ቢልኩም እሺ አላልኩም። እትዬ ዘውዴ በየበዓሉ ይደውሉልኛል። ክፉ አስበው እንዳልነገሩኝ አውቃለሁ፤ ሆኖም አንድ ቀን እንኳ አንስቼላቸው አላውቅም። ዝም ቢሉኝ ኖሮ፣ እናቴ እየጠራችኝ እንደሞተች አምኜ እኖር ነበር።