ዲግጣ መስሎኝ

እስራኤል ውስጥ የምንኖርበት አዲሱ ሰፈር ካርሜ ጋት ገና ግማሹ አፈር፣ ግማሹ ፎቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ከፋብሪካ ስመለስ አውቶቡሱ ክረምት ውሃ በሚያቁረው ዝቅታ በኩል ያልፋል። አንድ የሚያዝያ ቀን እዚያ ቢጫ አበባ ያንዠረገገ ቁጥቋጦ አየሁ። ዲግጣ ነው አልኩ። ጎንደር ባደግሁበት መንደር የየቤቱ አጥር እሱ ነበር።

ቤት እንደገባሁ ለአባቴ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ኩፓት ሆሊም በሚሉት ክሊኒክ ያለው ሐኪም «ከእንግዲህ አይመለስም» ካላቸው ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚውሉት። ያን ቀን ግን ቀና ብለው ተቀመጡ።

«አበባው የአተር አበባ ይመስላል?»

«ቁርጥ የአተር፣ አባባ።»

«እንግዲያው ዲግጣ ነው። ቅጠሉን ቀጥቅጠን የጥጃ ቅማል የምናጠፋበት። ውሰጅኝ።»

አርብ ረፋድ ላይ ክንዴን ይዘው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ስለ ከብቶቻቸው አወሩልኝ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እንዲያ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ጭቃውን አሻግሬ እጃቸውን ቁጥቋጦው ላይ አኖርኩት።

አበባውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ዳሰሱት። «አተር ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸው በዘንጉ ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ።

«ቅጠሉስ?»

አየሁ። እንደ ሰንበሌጥ የቀጠነ አረንጓዴ ዘንግ ብቻ ነው። የዲግጣ ቅጠል ግራና ቀኝ ተደርድሮ የሚበቅል ነው። ቢጫው አታሎኝ ልብ አላልኩም።

«ረግፎ ይሆናል» አልኩ።

«ዲግጣ እንዲህ አይራቆትም» አሉ፣ ሳይቆጡ። አሸተቱት። «ይሄ ሽቶ ነው። የእኛው ሽታው ሌላ ነው።»

ውሻ ይዛ የምታልፍ አንዲት ሴት በዕብራይስጥ ጠየቅኩ። አሂሮቴም ይባላል፣ የዚሁ አገር ተክል ነው አለችኝ።

«ለከብት መድኃኒት ይሆናል ወይ በያት» አሉ አባቴ።

ጠየቅኋት። አላውቅም ብላ ትከሻዋን ሰበቀችና ሄደች።

«በይ እንመለስ» አሉ።

በሳምንቱ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሌላ ቢጫ አበባ እንዳየሁ ነገርኳቸው።

«ተይው፣ ልጄ። አንቺ በዓይንሽ ያልለየሽውን እኔ በምን ልለየው?»

ከዚያ ወዲያ ለሐኪም ካልሆነ ከቤት አልወጡም። ስለ ከብቶቹ ብጠይቃቸውም «ረሳሁት» ይሉኝ ጀመር። እንዳልረሱት አውቃለሁ።