ጥርስ የነበረበት ሰንጢ

ባለፈው ሳምንት ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ጋትሉዋክ የሚባል ወጣት በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰንጢ አመጣልኝ። ሰንጢ እንደምሰበስብ በሥራ ቦታዬ የማያውቅ የለም፤ ሌላዋ ነርስ የወርቅ ጉትቻ ስታይ ልቧ እንደሚሸፍተው፣ የእኔ ልብ የቀንድ ወይም የአጥንት እጀታ ያለው፣ ታጥፎ ኪስ የሚገባ አሮጌ ሰንጢ ሲያይ ይሸፍታል፤ ከኋላዬም «ሲስተር ስለት» እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ። ጋዜጣውን ስገልጠው ቀድሞ የመጣው የበረኪና ሽታ ነበር። እጀታው ከላም አጥንት የተሠራ ነው፤ ስንት ዓመት በሰው ኪስና መዳፍ ውስጥ ሲገላበጥ እንደኖረ ከማጠፊያው ማለቅ ያስታውቃል፤ አጥንቱ ግን ትናንት ከሱቅ እንደወጣ ሳህን ነጭ ሆኗል። «ሲስተር፣ በጣም ቆሻሻ ነበር፤ ሁለት ቀን በረኪና ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት» አለኝ ፊቱ በደስታ በርቶ። አመሰገንኩት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት፣ ከዚያ መድኃኒት ክፍል ገባሁና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ልጁ ምን ያድርግ፤ እኔም በዘጠኝ ዓመቴ ይህንኑ ነው ያደረግሁት።

ያደግሁት እዚሁ ጋምቤላ፣ አቦቦ ነው። አባቴ ድሬሰር ነበር፤ ከደጋ ተመድቦ ሲመጣ እናቴን «ሁለት ዓመት ብቻ ነው» ብሏት ነበር አሉ፤ እሷም ሁለቱ ዓመት አላልቅ ሲላት ጓሮዋ ማንጎ ተክላ፣ ማንጎው አፍርቶ፣ እኔ ተወልጄ ከዚያው ዛፍ ላይ ወድቄ እጄን እስክሰበር ድረስ ሻንጣዋን ሙሉ በሙሉ አልፈታችም። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ያለው ቆርቆሮ ቤት ነበር። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አባቴ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ ይጮሃል፣ በሽተኛውም ጮሆ ይመልሳል፤ ስለዚህ በዚያ ወራት የማን ሆድ እንዴት እንዳደረ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። በጋ ሲሆን ደግሞ ከአልዌሮ ወንዝ የሚመጣው የዓሣ ሽታ፣ መሬት ላይ ወድቆ የፈነዳ ማንጎ ሽታና የአባቴ የአልኮል ጥጥ ሽታ ተቀላቅለው በረንዳው ላይ ይተኛሉ፤ ዛሬም ቢሆን ከእነዚህ አንዱ ሲሸተኝ ሌሎቹን ዞሬ እፈልጋቸዋለሁ።

ክሊኒኩ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ስለት ይዞ መግባት የለም። ወንዶቹ ሲመጡ ሰንጢያቸውን ከበሩ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ያኖራሉ፣ ዘበኛም አስተርጓሚም የነበረው ኦሞድ ይጠብቃል፣ ታክመው ሲወጡ ራሳቸው ያነሳሉ። ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ግን የለም፤ ስለት እጅ ለእጅ ከተቀባበሉት ያጣላል ባይ የነበረችው እናቴ ይህቺን አንቀጽ በባሏ ሕግ ላይ አስጨምራለች። አባቴ የሰው ስም መያዝ ዳገት ስለሚሆንበት ሰንጢዎቹን የሚያውቃቸው በባለቤቶቻቸው በሽታ ነበር፦ ትልቁ ወባ፣ ትንሹ ወባ፣ ሳል፣ ተቅማጥ። «ኦሞድ፣ ሰውየው ሊሄድ ነው፤ ተቅማጥን አውጣለት» ሲል የሰማ እንግዳ በሽተኛ ደንግጦ ወደ በሩ ያይ ነበር።

አንዳንዱ ሰንጢ ባለቤቱ ሳይወስደው ይቀራል። ባለቤቱ ረስቶት ይሆናል፣ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ተልኮ በዚያው ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም ድንበር ተሻግሮ ዘመዶቹ ጋ ሄዶ ይሆናል። አባቴ እነዚህን በእንጨት የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣቸው ነበር፤ የእኔ የልጅነት መጫወቻ ቤትም ያ ሣጥን ነበር። ከትምህርት ቤት ስመጣ ምላጮቹን ላልከፍት ምዬ አንድ በአንድ አወጣቸዋለሁ። የአጋዘን ቀንድ እጀታ ያለው ነበር፣ ሸንተረሩ እንዳለ የቀረ፣ ጣት ሲሄድበት የሚቆረቁር፤ የጉማሬ ጥርስ የሆነ ነበር፣ ከባድና ቀዝቃዛ፤ ከሁሉም ደግሞ የአጥንቶቹ ብዛት፣ አንዱ እንደ ቅቤ ቢጫ፣ አንዱ ጢስ የመታው፣ አንዱ በላብና በዓሣ ስብ ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ። አባቴ አይከለክለኝም፤ ብቻ ሣጥኑን ስከፍት ባየኝ ቁጥር «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል። የእሱ ስብስብ አልነበሩማ፤ ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ የሰው ንብረቶች ነበሩ።

ከመካከላቸው «እባብ» የሚባለው የኦቻላ ነበር። ኦቻላ አልዌሮ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ጎልማሳ ነው፤ እግሩን እባብ ነድፎት ሰዎች ተሸክመው ሲያመጡት እሱ ራሱ ሰንጢውን ከወገቡ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኑሯል፤ ሕግ አክባሪ ሰው ነበር። አባቴ የቻለውን አድርጎ በተገኘው መኪና ወደ ጋምቤላ ላከው፤ ኦቻላ ግን መንገድ ላይ ሞተ፣ እዚያው ከተማ ተቀበረ። ሰንጢው ሣጥን ውስጥ ገባ። እጀታው ራሱ ኦቻላ ከቆርኬ እግር አጥንት የሠራው፣ ቡናማ፣ ለስላሳ ነበር፤ ጫፉ ላይ ግን በሁለቱም በኩል ተቦርቡሯል፣ በአንዱ ወገን ሦስት፣ በሌላው ሁለት ትንንሽ ጉድጓድ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከጋምቤላ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለ። አባቴ እንደዚያ ሲርበተበት አይቼው አላውቅም፤ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ አግዳሚ ወንበሩን አናጢ መጥቶ አደሰው፤ አባቴም እጁን እያወናጨፈ «እዚህ ግቢ ውስጥ ሚስማር እንኳ ብትሆን ማብረቅ አለባት!» አለ። እኔ ደግሞ ነገርን እንደወረደ የምቀበል ልጅ ነበርኩ። አናጢው ጥሎት የሄደውን ብርጭቆ ወረቀት፣ አመድና ሎሚ ይዤ ከማንጎው ሥር ተቀመጥኩና ሰንጢዎቹን ፈተግኋቸው። ያ ቡናማው ሁሉ እየተላጠ ከሥሩ ነጭ አጥንት ብቅ ሲል የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳውም። እባብ ላይ ስደርስ ጉድጓዶቹን አየሁ፤ ሳሙናችንንና ሻማችንን የምትበላው አይጥ የከረከመችው መሰለኝ። አዘንኩለት፤ ለእሱ ብቻ ግማሽ ቀን ሰጠሁት፣ የጣቴ ቆዳ እስኪነሳ አሸሁት፣ አንድም ጉድጓድ አላስቀረሁለትም።

አባቴ መጥቶ በፎጣ ላይ የደረደርኳቸውን አሥራ አንድ ነጫጭ ሰንጢዎች ሲያይ እጁን አናቴ ላይ አደረገ። ተቆጣጣሪው በማግስቱ መጣ፤ ሰንጢዎቹን ዞር ብሎም አላያቸውም።

ዝናቡ ሲያበቃ አሪየት መጣች፣ የኦቻላ እናት። ልጇ የሞተ ጊዜ ሩቅ፣ የተዳረች ልጇ ዘንድ ነበረች፤ አልቀበረችውም፣ ፊቱንም አላየችም። ዓይኗ ደክሟል፣ ሰው የምታየው እንደ ጥላ ነው። አባቴ ወንበር አቀረበላትና ሰንጢውን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። አነሳችው፣ በአውራ ጣቷ እጀታውን ሄደችበት፣ ገለበጠችው፣ እንደገና ሄደችበት፣ ከዚያ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

«አይደለም ትላለች» አለ ኦሞድ። «የልጇ ሰንጢ ጥርስ አለው ትላለች። ውሃ ሲገባ በአፉ ይይዛል። ከትንሽነቱ ይይዛል። ይሄ ጥርስ የለም።»

እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። አባቴ ወደ በሩ ቀና ብሎ አየኝ፣ ወዲያው ዓይኑን መለሰ፤ «የእሱ ነው፣ እኛ ጋ ተበላሽቶ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው በላት» አለው ኦሞድን። ኦሞድ ነገራት። ጥርስ እንዴት ይበላሻል ብላ ጠየቀች። ተነሥታ በምርኳዟ እየዳበሰች ሄደች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ ግን እያደር ደፈረሰ። ድሬሰሩ የሟች ሰንጢ ለወጠ የሚል ወሬ ገበያ ወጣ። ወንዶቹ ጠረጴዛው ላይ ማኖር ተዉ፤ አንዳንዱ በልብሱ ሥር ደብቆ ይገባል፣ አንዳንዱ ከበሩ ይመለሳል። አንድ እግሩ ያበጠ ሽማግሌ ሰንጢዬን አልተውም ብሎ ሲመለስ አባቴ የቁስል ዕቃውን ይዞ ተከትሎ ሮጦ መንገድ ዳር አስቀምጦ ሲያጥብለት አይቻለሁ። እናቴ «ልጅ ናት ያጠፋችው ብትላቸው ምን ነበረበት?» ስትለው «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አልወድም፤ ሚስማር ሳይቀር ታብርቅ ያልኩት እኔ ነኝ» አላት። እኔን አንድ ቀን አልተቆጣኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ብቻ እባብን ከሣጥኑ አውጥቶ ኪሱ ከተተው። የሰው እጅ ያወጣውን ቀለም የሚመልሰው የሰው እጅ ነው አለ። ማንጎ ሲልጥ በእሱ፣ እርሳሴን ሲቀርጽ በእሱ፣ ሥራ ሲፈታም በመዳፉ ያገላብጠዋል፤ ወራት ሲያልፉ አጥንቱ መጀመሪያ እንደ ወተት፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ በወተት እየሆነ መጣ። ጥርሱ ግን በምን ይመለሳል? አንድ ቀን ኮቱን ጥሎ ሲወጣ ሰንጢውን ሰርቄ ነከስኩት። ባለኝ ኃይል ነከስኩት፣ ድዴ ደማ፣ አጥንቱ ምንም አልሆነ። ኦቻላ እነዚያን አምስት ጉድጓዶች ለማውጣት ስንት ዓመት ስንት ጊዜ ውሃ እንደገባ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሚቀጥለው በጋ አሪየት እንደገና መጣች። ምናልባት ሰንጢው ተገኝቶ እንደሆነ ብላ ነው። አባቴ ውስጥ አንዲት ሴት እያዋለደ ነበር፤ ኦሞድ ውሃ ሊቀዳ ወርዷል። ብቻዋን ማንጎው ሥር ተቀመጠች። የአባቴ ኮት ሚስማሩ ላይ ነበር፤ ሰንጢውን አወጣሁና ከፊቷ ምንጣፉ ላይ አኖርኩት። አኝዋክኛ ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት የለመድኩት ስለነበር የማውቀው የስድብና የጨዋታ ቃል ብቻ ነው፤ በዚያው አንደበቴ ተርበተበትኩ። እኔ ነኝ አልኳት። አባቴ አይደለም። በወረቀት አሸሁት። አይጥ መስሎኝ ነው።

የምትነሳ፣ ምርኳዟን የምታነሳብኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጇ እጄን ፈልጎ ሲያገኘው ተሰማኝ። አውራ ጣቴን ይዛ እጀታው ላይ አስቀመጠችው። «እዚህ» አለች፣ ትንሽ ገፋ አድርጋ፣ «እዚህ፣ እዚህ።» ሰንጢውን ገለበጠችው። «እዚህኛው የተሰበረው ጥርስ ነው፤ ልጅ ሆኖ ወድቆ ነው። እዚህ።» ጣቴ ከለስላሳ አጥንት በቀር ምንም አላገኘም፤ እሷ ግን ሁሉንም አንድ በአንድ አሳየችኝ፣ እኔም አንድ በአንድ «እሺ» አልኳት። ሰንጢውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ይዛው ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመው ለነበሩት ወንዶች የነገረቻቸውን አልሰማሁም፤ በዚያ ሳምንት ግን ጠረጴዛዋ ላይ ሰንጢ መቀመጥ ጀመረ።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። አሪየትም ሄዳለች፤ ሰንጢውን አብረዋት ይቅበሩት ወይም የልጅ ልጅ ይዞት ውሃ ይግባ አላውቅም። ክሊኒኩ ፈርሶ በቦታው ሌላ ተሠርቷል፤ በሽታ የሰው ስም የሚሆንበት፣ የጠፋ ሰው ሰንጢ ዓመት ሙሉ የሚጠበቅበት በር አሁን አላገኝም። ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ያለው ቤቴ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ሰንጢ አለኝ፤ አንዱንም አጥቤ አላውቅም፣ እንግዳ ሊወለውልልኝ ሲነሳ እጁን እይዘዋለሁ። አዲስ ባገኘሁ ቁጥር አውራ ጣቴ ሳላዘው ወደ እጀታው ጫፍ ይሄዳል፣ ሦስት ቦታ ይቆማል፣ ይገለብጠዋል፣ ሁለት ቦታ ይቆማል። የኦቻላ ጥርስ የት የት ላይ እንዳረፈ የሚያውቅ ዛሬ በዓለም ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ።