ኩባው እጁን ሲዘረጋ

ትናንት ኮምቦልቻ ሰርግ ተጠርቼ፣ ሽማግሌው ሊመርቁ ሁለት እጃቸውን ሲዘረጉ ሳቄ አመለጠኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ገላመጠችኝ። እውነቷን ነው፤ በምርቃት አይሳቅም። ግን የተዘረጋ እጅ ባየሁ ቁጥር ኩባው ፊቴ ድቅን ይላል፤ ምን ላድርግ?

ያኔ ደሴ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን አጠገብ ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ባላቸው ጦርነት ላይ ሲሞት፣ መንግሥት አንድ ልጃቸውን ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር ሊያስተምር ኩባ ወሰደው። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እዚያው አድጎ ኮሜዲያን ወጣው፤ ሀቫና ታወቀ፣ ሜክሲኮና ስፔን ድረስ እየተጠራ ሰው አሳቀ። አርባ ሊሞላው ሲል የእናቱን መታመም ሰምቶ መጣ። ሰፈሩም ስሙን ትቶ ኩባው አለው።

አማርኛው እንደሄደ የቀረ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አማርኛ ነበር። ያ ጢማም ሰውዬ ጎረቤት ብላ ሲለው "እምቢየው!" ሲል ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን አላሳቀኝም።

"ስሄድ እማዬ ታለቅስ ነበር" አለኝ። "እዚያ ሆኜ ሳስባት ሁልጊዜ ስታለቅስ ነው። አንዴ ስትስቅ ልያት።"

ሰፈሩን ሰብስቦ መድረክ ላይ ሊያስቃት ቆረጠ፤ ቀልዶቹን ወደ አማርኛ የመለስኩለት እኔ ነኝ። የሀቫናን የዳቦ ሰልፍ የቀበሌ የስኳር ሰልፍ አደረግኩት። ሲጨርስ ሁልጊዜ መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ ሁለት እጁን ይዘረጋል፤ እዚያ አገር "በሉ እንግዲህ ሳቁ" እንደማለት ነው። ሳምንት ሙሉ ስንለማመድ ሲዘረጋ እያየሁ፣ የወሎ ልጅ ሆኜ ምንም አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በኢድ ማግስት ከሰዓት በኋላ ሰኞ ገበያ ያለው አዳራሽ ጢም አለ። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፤ የሽቶና የአዲስ ልብስ ሽታ አፍኖናል። ፊት ወንበር ላይ ሽማግሌዎች፣ በመካከላቸው እናቱ ነጭ ሻሻቸውን አስረው ተቀምጠዋል።

ኩባው ጀመረ። አንድ ሰውዬ ሰልፍ አየና ተሰለፈ። ሦስት ሰዓት ቆሞ ሲሰለቸው የመጀመሪያውን ሰው "ስኳሩ መቼ ነው የሚመጣው?" አለው። "የምን ስኳር? እኔ ደክሞኝ ግድግዳ ተደገፍኩ፤ እናንተ ከኋላዬ ተሰለፋችሁ" አለው።

ከዚያ እጁን ዘረጋ።

ማንም አልሳቀም። ወዲያው ሽማግሌዎቹም እጃቸውን ዘረጉ፤ ሕዝቡም ተከትሎ "አሚን!" አለ።

"እውነቱን ነው፤ አላህ ሰልፉን ያቅልልን" አሉ አንድ አዛውንት።

"አሚን!"

ሁለተኛውም ቀልድ በአሚን አለቀ፤ ሦስተኛውም። ኩባው ላቡ እየተንጠባጠበ እኔ ወዳለሁበት መጋረጃ መጣ።

"ለምን አይስቁም?"

"እጅህን ስትዘረጋ ዱዓ የምታደርግ መስሏቸው ነው፣ ጋሼ።"

"እማዬስ?"

በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። እናቱ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ "አልሐምዱሊላህ! ዱዓውን አልረሳም ልጄ!" ይላሉ። ነገርኩት።

"አሁንም አስለቀስኳት" አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያዘንኩለት ሰው የለም።

ተመልሶ መድረኩ ላይ ቆመ። ቀልድ አልነገረም። እናቱን ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየና በዚያ በልጅ አማርኛው፣ እጁን ዘርግቶ፣ "አላህ እማዬን ያስቃት" አለ።

"አሚን!" አለ አዳራሹ በሙሉ።

እናቱም እጃቸውን እንደዘረጉ "አሚን" አሉ። ከዚያ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። "ወላሂ፣ ይሄ ልጅ!" አሉና አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ፤ ሳቁ፤ አዳራሹም አብሯቸው ሳቀ። ኩባው አልሳቀም። እጁን ማውረድ ረስቶ ያያቸው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ እናቱ አረፉ። እሱም ወደ ሀቫና፣ ወደ መድረኩ ተመለሰ። አንዳንዴ ይደውላል። ትናንት ከሰርጉ ስመለስ እኔ ደወልኩለት።

"እዚያስ ይስቃሉ?" አልኩት።

"ይስቃሉ" አለ፤ አማርኛው ዛሬም ያው ነው። "እጄን ስዘረጋ በጣም ይስቃሉ። ግን አሚን የሚለኝ የለም።"

ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ ማንም በማያየኝ ክፍል ውስጥ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

"አላህ ያስቅህ፣ ጋሼ" አልኩት።

"አሚን" አለ።