ከእኛ ምንጭ የተፋቀ አልጌ

ሰኞ፣ ጥር ስምንት፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከመካነ ሰላም ወጣሁ። ጤፍ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ሦስተኛ ሰው ነበርኩ። የሬዲዮ ዘጋቢ ነኝ፤ በሠራሁት አንድ ዘገባ ሰበብ እፈለግ ነበር። አባቴ መኪናው ድረስ ሸኝተውኝ «አብሽር፣ አይዞህ» ብለው ተመለሱ። በረሃውንና ባሕሩን ሌሎች ጽፈውታልና አልደግመውም።

አሁን ያለሁበት አገር ዝናቡ ክረምት ከበጋ አይልም። በእኛ አገር የከላላ ብርድ እንኳ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያይ ይለቃል፤ የዚህ አይለቅም። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ ወጥ ያጣ እንጀራ በሉት። የምሠራው ሙዚየም ምድር ቤት ነው፤ የአልጌ ስብስብ የሚቀመጥባቸውን መሳቢያዎች አቧራ እጠርጋለሁ። አልጌ ማለት የምንጭ ድንጋይ ላይ የሚያንሸራትተን ያ አረንጓዴ ነው። እዚህ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ቁጥርና የትውልድ ቦታ ተጽፎለት ይኖራል።

ለመኖሪያ ፈቃድ ስጠየቅ መርማሪዋ ስሜን ደጋግማ አነበበች።

«ኦርቶዶክስ ነህ። አባትህ ግን አሕመድ።»

«አዎ።»

«ሙስሊም ናቸው?»

«አይደሉም። አያቴ ልጆች እየሞቱባቸው ቢቸገሩ፣ አባቴ እንዲያድጉላቸው በሙስሊም ጎረቤታቸው ስም ጠሯቸው።»

«በጎረቤት ስም?»

«ወሎ ውስጥ የተለመደ ነው።»

አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ እተረጉምልሃለሁ እንጂ እኔም አላመንኩህም» አለኝ።

መርማሪዋ ከዚያ አካባቢ ለመሆኔ ማስረጃ እንዳመጣ አዘዘችኝ። የቀበሌ መታወቂያዬ ባሕር ውስጥ ቀርቷል። አባቴ ቀበሌ ሄደው ማረጋገጫ ቢጠይቁልኝ ጸሐፊው «ባለጉዳዩ ራሱ ይቅረብ» አላቸው።

በዚያው ሳምንት መሳቢያ ስጠርግ አንድ ካርድ አየሁ፤ «ወሎ፣ ቦረና፣ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከምንጭ ድንጋይ ላይ የተፋቀ» ይላል። የስብስቡ ኃላፊ ኢንግሪድ አልጌውን በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። እንደ ታንኳ የሾለ ብርጭቆ መሳይ ቅርፊት ነው። ከዚያ ውኃ ስጠጣ ነው ያደግሁት፤ እሱን ግን አይቼው አላውቅም።

«ከዚያ ለመምጣቱ ማስረጃው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ካርዱ።»

«ካርዱን ማን ጻፈው?»

«የሰበሰበው ተጓዥ።»

«ቢዋሽስ?»

«ለምን ብሎ ይዋሻል?» አለች። ከልቧ ነው።

ምንጩን ነገርኳት፤ ከላይ ወይራ፣ ከታች የከብት ገንዳ፣ ድንጋዩ ጥቁር። የተጓዡን ማስታወሻ ደብተር አውጥታ አመሳከረች፤ ሦስቱም አሉ። ይህንኑ ጽፋ፣ የሙዚየሙን ማኅተም መትታ ሰጠችኝ። ለመርማሪዋ አስገባሁት።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ውሳኔው ደረሰኝ። ደብዳቤው ምንጩን ማወቄን ይቀበላል፤ የአሕመድ ልጅ መሆኔን አይቀበልም። ጥያቄዬ ውድቅ ሆኗል።

ስምንት ሰዓት ላይ አባቴ ጋ ደወልኩ። ገበያ ነበሩ፤ ጫጫታው ይሰማል።

«አልሐምዱሊላህ፣ እኛ ደህና ነን» አሉ፤ በእኛ አገር ክርስቲያኑም እንዲህ ይላል። «ወረቀትህስ፣ ልጄ?»

«ገና ነው፣ አባባ» አልኳቸው።