ጎዶሎው ቀን

ባንቺአየሁ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መሬት አልነበራትም እንዳይባል በሽግሽጉ ጊዜ በስሟ የተመራችው ማሳ ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ነበራት። በሬ አልነበራትም እንዳይባል ባሏ ዳኘው ሲሞት የተወላት ዳልቻ በሬ ነበራት። ልጆቿ ሴቶች ናቸውና የጎደላት ሁለተኛ በሬና እርፍ የሚጨብጥ ወንድ ነው። በኛ አገር ደግሞ ሴት እርፍ ከጨበጠች ዝናብ ይቀራል ይባላል።

የዳኘው ታላቅ ወንድም አድማሴም ያለው አንድ በሬ ነበር። በቤተ ዘመድ ፊት ተቀናጁ፤ እሱ ሊያርስላት፣ እሷ ልታርምለት።

«ተራው እንዴት ይሁን፣ ጋሼ?» አለችው።

«ከወሩ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት እያልን ሙሉ ሙሉው ቀን ለእኔ፣ ጎዶሎ ጎዶሎው ላንቺ። እንደ ቤትሽ!»

ቤተ ዘመዱ ሳቀ። ባል የሌለው ቤት ጎዶሎ ነውና ቅኔው ገብቷት እሷም አብራ ሳቀች። ሌላ ወርቅ እንዳለው የገባት ግን ሐምሌ ሲገባ ነው።

ተራዋ ሲደርስ አቦ ነው። ሲደርስ ሥላሴ ነው። ገብርኤሉ፣ ማርያሙ፣ ጊዮርጊሱ፣ ሁሉም ጎዶሎ ቀን ላይ ተሰልፏል። በዓል ያልሆነ ቀን ቢገኝ እንኳ ወይ እሑድ ይሆናል፣ ወይ አድማሴን ወገቡን ያመዋል።

«ጋሼ፣ የጤፍ ዘር ሊያልፍብኝ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ይለውጡኝ?»

«ቃል ቃል ነው። በዓልም አታስሽሪኝ!»

የአድማሴ በቆሎ በዳልቻው ጉልበት ታርሶ ቁመት አወጣ፤ እሷ ጎንበስ ብላ አረመችው። የራሷን ማሳ ሙጃ ዋጠው። ሴት ልጆቿ ምን ይበላሉ? ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ መሬቱ ጦም ከሚያድር ብላ ለዚያው ለአድማሴ እኩል ሰጠችው፤ አርሶ ዘርቶ ምርቱን ሊካፈላት።

በማግስቱ ጧት የጅራፍ ጩኸት ሰምታ ወጣች። አድማሴ ዳልቻውን ከበሬው ጋር ጠምዶ ማሳዋን ይገለብጣል።

«ዛሬ መድኃኔዓለም አይደለም እንዴ?» አለችው።

«ቢሆንስ! ጤፍ በዓል ይጠብቃል? መድኃኔዓለም የገበሬን ችግር ያውቃል።»

ከዚያን ቀን በፊት አንተ ብላው አታውቅም።

«አንተ! በዓል የሚሻረው ላንተ ሆድ ሲሆን ነው ለካ!»

ጅራፉን አጮኸና በሬዎቹን ወደ ትልሙ መለሰ።

ታኅሣሥ ላይ አውድማው ዳር ቆመው ጤፉን እኩል ተካፈሉ። የዳልቻውን ድካም ያነሳ ሰው የለም። ድርሻዋ ፋሲካን አላሻገራትም፤ ዳልቻው ለፍኖተ ሰላም ገበያ ተነዳ።

ከዚያ ወዲያ ሙሉም ጎዶሎም ተራ አልነበራትም።